ቫዮሊን ሠሪውን ማን ሠራው?

በ2003 የዝነኛው ቫዮሊን ተጫዋች የአይዛክ ስተርን መሣሪያዎች ለጨረታ ቀረቡ። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ከቀረቡት ቫዮሊኖች አንዱ በ130 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ለእኛ ብዙ ገንዘብ ነው፤ በዚያ ገበያ ግን ብዙ የሚባል አይደለም። የድሮው ጣሊያናዊ ሠሪ የስትራዲቫሪ ሥራ በሚሊዮኖች ነው የሚሸጠው። ወሬ የሆነው የሠሪው ጉዳይ ነው። ሠሪው በሕይወት አለ። ብሩክሊን ውስጥ ወርክሾፑ ተቀምጦ እንጨት ይፍቃል። በሕይወት ያለ ሰው የሠራው ቫዮሊን በጨረታ ይህን ያህል አውጥቶ አያውቅም ነበር።

ሰውየው ሳም ዚግመንቶዊች ይባላል። በ1956 ፊላደልፊያ ተወለደ። መሣሪያ መሥራት የጀመረው ገና በ13 ዓመቱ ነው። ስተርን ከነበሩት የጓርኔሪ (እሱም የድሮ ጣሊያናዊ ሠሪ ነው) ቫዮሊኖች አንዱን አስመስሎ እንዲሠራለት አዘዘው፤ እሱም ሠራለት።

ስለ ቫዮሊን ወሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። «የስትራዲቫሪ ምስጢር ምንድን ነው?» ቫርኒሹ ነው? እንጨቱ ነው? ዛፉ ያደገበት ብርድ ነው? እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከ280 ዓመት በፊት የሞተ ሰው ሙያ እንዴት አድርጎ ብሩክሊን ደረሰ? ከእጅ ወደ እጅ እንዳንል፣ መሐል ላይ እኮ ተበጥሶ ነበር። የዚግመንቶዊችን መምህራን፣ የመምህራኑንም መምህራን እየተከተልን ወደ ኋላ ብንሄድ መልሱ ቀስ እያለ ይገለጣል።

በመጀመሪያ ግን ዕቃው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። አለበለዚያ ሥልጠናው ለምን ዓመታት እንደሚፈጅ አይገባንም።

ቫዮሊን ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። ባዶ ሳጥን፣ አንገት፣ አራት አውታር። ሲፈታ ግን ከ70 በላይ ቁርጥራጭ እንጨት ነው። የፊቱ ሳንቃ ስፕሩስ ከሚባል የብርድ አገር ዛፍ ይሠራል። ቀላል ነው፣ ግን ጠንካራ። ጀርባው፣ ጎኖቹና አንገቱ ሜፕል ከሚባል ዛፍ ይሠራሉ። የፊቱ ሳንቃ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያም የሚሳሳበት ቦታ አለ። ይህ ስስ እንጨት የሚኖረው ውጥረታቸው ሲደመር ከ20 ኪሎ በላይ በሆነ አራት አውታሮች ሥር ነው። እንዲህ ሆነው 300 ዓመት ያለፋቸው አሉ።

መሰንቆ የሚያውቅ ሰው የድምፁ ነገር ቶሎ ይገባዋል። መሰንቆ ላይ የጭራው ንዝረት በድልድዩ በኩል ወደ ተወጠረው ቆዳ ይወርዳል። ድምፁን የሚያጎላው ቆዳው ነው። ቫዮሊን ላይ የቆዳውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ሳንቃ ነው። ግን ቆዳ ቢላላ እንደገና ይወጠራል። እንጨት ላይ እንዲህ ያለ መፍትሔ የለም። ማድረግ የሚቻለው መፋቅ ብቻ ነው። አንዴ ከተፋቀ ደግሞ የሚመለስ ነገር የለም።

ታዲያ እስከ ምን ድረስ ይፋቅ? እዚህ ላይ ነው ቁጥር የሚከዳው። ከአንድ ዛፍ የተሰነጠቁ ሁለት ሳንቃዎች እንኳ ክብደታቸውና ጥንካሬያቸው ይለያያል። የአንድን ስትራዲቫሪ ውፍረት በሚሊ ሜትር ለክተው ሌላ እንጨት ላይ ቢገለብጡት የሚወጣው ሌላ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሠሪው ሳንቃውን በሁለት እጁ ይዞ ለመጠምዘዝ ይሞክራል፤ ምን ያህል እንደሚታጠፍለት ይመዝናል። በጣቱ መታ መታ ያደርግና ያዳምጣል። ከዚያ «ገና ነው» ወይም «ይበቃል» ይላል። የዚህ ሙያ ትምህርት ሲጠቃለል ያቺን «ይበቃል» በትክክለኛው ሰዓት ማለት መቻል ነው። በመጽሐፍ አትገኝም። ተማሪው ሲፍቅ አጠገቡ ቆሞ «ተው፣ አቁም!» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጣሊያን እንሂድ።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣሊያን፣ ክሬሞና በምትባል ከተማ፣ አንድሬያ አማቲ የሚባል ሰው ነበር። ቫዮሊን ዛሬ የምናውቀውን መልክ እንዲይዝ ካደረጉት ሰዎች የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በ1577 ሲሞት ሙያውን ለሁለት ልጆቹ ትቶ ነው የሄደው። ከሁለቱ አንዱ ጂሮላሞ በተራው ልጁን ኒኮሎን አስተማረ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የቤተሰብ ነው። አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ።

በ1630 ክሬሞና ላይ ቸነፈር ገባ። ጂሮላሞ ሞተ። ኒኮሎ ሚስትም ልጅም ሳይኖረው ብቻውን ቀረ። ትእዛዝ አለ፣ የሚሠራ እጅ ግን የለም። ምን ያድርግ? ከቤተሰቡ ውጭ ያሉ ልጆችን ተለማማጅ አድርጎ ማስገባት ጀመረ። በ1641 የተደረገ የነዋሪዎች ቆጠራ ላይ ከኒኮሎ ቤት ውስጥ አንድሬያ ጓርኔሪ የሚባል ልጅ ተመዝግቦ ይገኛል። እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል፣ እዚያው ይሠራል። የዚህ ልጅ የልጅ ልጅ ነው በኋላ ጓርኔሪ ዴል ጄሱ ተብሎ ስሙ ከስትራዲቫሪ እኩል የሚጠራው። ያ ቸነፈር ባይመጣ ኒኮሎ በሩን ይከፍት ነበር? እጠራጠራለሁ።

ስትራዲቫሪስ? በ1666 በሠራው አንድ ቫዮሊን ውስጥ «የኒኮሎ አማቲ ተማሪ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ይህ ቃል ከዚያ በኋላ በሠራቸው ላይ አይገኝም። ተመራማሪዎች ዛሬም ይጨቃጨቁበታል። «እውነትም የአማቲ ተማሪ ነበር» የሚሉ አሉ፤ «የለም፣ የተማረው ሌላ ቤት ነው» የሚሉም አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ወረቀቷ የጀማሪ ነጋዴ ማስታወቂያ ትመስለኛለች። ሠፈሩ ውስጥ ከታወቀ ስም ጋር መያያዝ ማን ይጠላል?

እግረ መንገዴን ስለዚህ ወረቀት አንድ ነገር ልበል። በየጊዜው «ቤታችን ያለ ቫዮሊን ውስጡ ስትራዲቫሪ ይላል፣ ሀብታም ሆንን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይቅርታ፣ አልሆናችሁም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጀርመንና የሌሎች አገሮች ፋብሪካዎች ያንን ስም አትመው ስፍር ቁጥር በሌላቸው ርካሽ ቫዮሊኖች ውስጥ ለጥፈዋል። «በእሱ ሞዴል የተሠራ» ለማለት ነበር። ከእሱ እጅ የወጡት እውነተኛ መሣሪያዎች፣ ቫዮሊን ያልሆኑትም ተደምረው፣ 650 ያህል ቀርተዋል፤ አብዛኞቹም የት እንዳሉ ይታወቃል።

ወደ ክሬሞና እንመለስ። ስትራዲቫሪ ዘጠና ዓመት አልፎት በ1737 ሞተ። አብረውት ሲሠሩ የኖሩት ልጆቹ ኦሞቦኖ በ1742፣ ፍራንቼስኮ በ1743 ተከተሉት። ዴል ጄሱ በ1744 ሄደ። ካርሎ ቤርጎንዚ በ1747። ዓመቶቹን ቁጠሩ፤ በ10 ዓመት ውስጥ የከተማዋ ምርጥ እጆች በሙሉ አፈር ገቡ። እነሱን የሚተካ ወጣት አልቆመም። ሌሎች የጣሊያን ከተሞች ጥሩ ጥሩ ሠሪዎች ነበሯቸው። የክሬሞና መስመር ግን ተበጠሰ።

ሰዎች ይህንን ሲሰሙ «አንድ ቀመር ይዘው ሞቱ» ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አይመስለኝም። በ2009 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አምስት የስትራዲቫሪ መሣሪያዎችን ቫርኒሽ በላቦራቶሪ መርምረው ነበር። ያገኙት ዘይት፣ የጥድ ሙጫና ማቅለሚያ ነው። በዚያ ዘመን ማንኛውም ሠዓሊ ሱቅ ገብቶ የሚገዛቸው ነገሮች። የጠፋው ቀመር ሳይሆን ያ «ይበቃል» የሚለው ዳኝነት ነው። ዳኝነት ደግሞ ሰው ውስጥ እንጂ ጠርሙስ ውስጥ አይቀመጥም።

ሰዎቹ ሞተው ዕቃቸው ቀረ። ከስትራዲቫሪ ልጆች አንዱ ፓኦሎ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። በ1770ዎቹ አጋማሽ የአባቱን ሞልዶች፣ ንድፎችና የሥራ ዕቃዎች ኮዚዮ ዲ ሳላቡኤ ለሚባል ወጣት መኮንን ሸጠ። ሞልድ የምለው የቫዮሊኑ ጎኖች ዙሪያውን የሚታጠፉበትን የእንጨት ቅርጽ ነው። ዕቃው ከቤተሰብ ቤተሰብ እየተላለፈ ቆየ። በ1920 ጁሴፔ ፊዮሪኒ የሚባል ቫዮሊን ሠሪ ገዛው። ፊዮሪኒ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ቆራርጦ ይሸጠው ነበር። እሱ ግን በ1930 ለክሬሞና ከተማ በስጦታ ሰጠ። ዛሬ እዚያው ከተማ የቫዮሊን ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ሲሞኔ ፈርናንዶ ሳኮኒ ይመጣል። እሱን ሳያነሱ ስለ ዘመናዊ ቫዮሊን ሠሪዎች ማውራት አይቻልም። በ1895 ሮም ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ጁሴፔ ሮሲ በሚባል ሠሪ ቤት ተለማማጅ ሆነ። በ1931 ኒውዮርክ ገባና ኤሚል ሄርማን ለሚባል ነጋዴ ይሠራ ጀመር። በኋላ ወደ ሬምበርት ወርሊትዘር ሱቅ ተዛወረ። የዓለም ውድ ቫዮሊኖች ለሽያጭ፣ ለምርመራና ለጥገና የሚመጡት እነዚህ ሱቆች ዘንድ ነበር። ሳኮኒ ይከፍታቸዋል፣ ይለካቸዋል፣ ይጠግናቸዋል። ሌላ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ቢያይ የሚታደለው ቫዮሊን ለእሱ የዕለት ሥራው ነበር። በኋለኛ ዕድሜው ደግሞ ክሬሞና እየሄደ ፊዮሪኒ የሰጣቸውን ሞልዶች አጠና። ያየውን ከሞልዶቹ ጋር እያመሳከረ ስትራዲቫሪ እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚያስረዳ መጽሐፍ በ1972 አወጣ። በዓመቱ ሞተ።

ከደመደማቸው ነገሮች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ቫርኒሹን የሚመለከቱት፣ ዛሬ ብዙ ሰው አይቀበላቸውም። ግን መንገዱን ያሳየው እሱ ነው። ሳኮኒ የተወለደው ስትራዲቫሪ ከሞተ 158 ዓመት ቆይቶ ነው። እንዲያም ሆኖ ከማንም በላይ የስትራዲቫሪ ተማሪ ነበር። መምህሩ ቢሞትም ሥራው አልሞተም፤ የመሮውን ዱካ ቫዮሊኑ ውስጥ ትቶለታል።

የተበጠሰው መስመር የተቀጠለው እንግዲህ በጥገና ቤት በኩል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይቺው ናት። ቫዮሊን ሠሪ ትምህርት ቤት ገብቶ እጁን ያሠለጥናል። ዓይኑንና ጆሮውን የሚያሠለጥነው ግን የድሮዎቹን በመጠገን ነው።

የትምህርት ቤቱ ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። አውሮፓ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ከተሞች ለዘመናት ከቫዮሊን ጋር ኖረዋል። አንዷ ሚተንቫልድ ናት፣ በደቡብ ጀርመን ተራሮች መሐል። ማቲያስ ክሎትስ (1653–1743) ሙያውን እዚያ ተከለ። በ1858 ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም አለ። ሌላዋ ሚርኩር ናት፣ በምሥራቅ ፈረንሳይ። በፓሪስ ስሙ የገነነው ቫዮሊን ሠሪ ዣን ባቲስት ቪዮም የዚያች ከተማ ልጅ ነው። ሚርኩር ውስጥ ልጆች በለጋ ዕድሜ ወርክሾፕ ይገቡ ነበር። ክፍያው በቁራጭ ስለሆነ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ጥራት ከጎደለው ደግሞ ይመለሳል። ፈጣንና ንጹሕ እጅ የሚወጣው ከዚህ ዓይነት ቤት ነው።

ከሁለቱም ከተሞች አንዳንድ ሰው አሜሪካ ገባ። የሚተንቫልዱ ፒተር ፕሪየር በ1965 ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ሱቅ ከፈተ፤ በ1972 ደግሞ የቫዮሊን ሥራ ትምህርት ቤት። የሚርኩሩ ሬኔ ሞሬል በ1932 ተወልዶ በ12 ዓመቱ ነው ሙያው ውስጥ የገባው። አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ወርሊትዘር ሱቅ ተቀጠረና ሳኮኒ ሥር ሠራ። በኋላ ዣክ ፍራንሴ የሚባለው ነጋዴ ዘንድ የጥገና ክፍሉን ይመራ ጀመር።

ዚግመንቶዊች በመጀመሪያ የገባው ፕሪየር ትምህርት ቤት ነው። እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪው መጀመሪያ የሚማረው ቫዮሊን አይደለም፤ የመሥሪያ ብረቶችን ስለት ማውጣት ነው። መሮው ፂም የሚላጭ እስኪሆን ድረስ። አሰልቺ ነው፣ ግን የማይታለፍ። ደንዝ መሮ እንጨቱን ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ቀጥሎ ማጋጠም ይመጣል። የፊቱ ሳንቃ ብዙ ጊዜ ከሁለት ግማሽ ነው የሚሠራው። የሁለቱ ጠርዝ በመላጊያ ይስተካከልና አንዱ በአንዱ ላይ ተደርጎ ወደ ብርሃን ይያዛል። በመሐል ፀጉር የምታህል ብርሃን ካለፈች እንደገና ይላጋል። እንደገና። እንደገና። መምህሩ መጥቶ ያያል፣ ይመልሰዋል። አንዳንዱ ተማሪ እዚህ ላይ ሙያውን ይጠላል። ያላቸውን ትዕግሥት እዚህ ጨርሰው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ቢኖሩ አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ጎኖቹን በጋለ ብረት ላይ ማጠፍ አለ። በጎድጓዳ መሮ የሳንቃውን ጉብታ መቅረጽ አለ። ጉብታው ሲቃረብ ጣት በምታህል ትንሽ መላጊያ፣ መጨረሻ ላይ በስስ የብረት መፋቂያ ይለሰልሳል። በጠርዙ ዙሪያ ስስ ቦይ ተቆፍሮ ጥቁርና ነጭ የእንጨት ክር ይቀበራል። ለጌጥ ይመስላል፤ ስንጥቅ ከጠርዝ ተነስቶ ወደ ውስጥ እንዳይሮጥም ያግዛል። የአንገቱ ጫፍ ላይ ያለው ጥቅልል ግን በእርግጥ ለጌጥ ብቻ ነው። ድምፅ ላይ የሚጨምረው የለም። ሠሪዎች ግን አንዱ የሌላውን እጅ የሚለዩት በእሱ ነው፤ ስለዚህ ተማሪ ሁሉ ይጨነቅበታል።

ሁሉም የሚጣበቀው ከእንስሳት ቆዳ በሚሠራ ትኩስ ሙጫ ነው። ዘመናዊ ሙጫ እያለ ለምን? ምክንያቱም ይህኛው ይለቃል። በስስ ቢላዋ ቀስ ብለው ሲገቡበት የፊቱ ሳንቃ እንጨቱ ሳይጎዳ ይነሳል። ቫዮሊን የሚሠራው አንድ ቀን እንደሚከፈት ታስቦ ነው።

የዚግመንቶዊች ሁለተኛ መምህር ካርል ቤከር ነው፣ ከቺካጎ። የቤከር ቤተሰብ አባትም ልጅም ሠሪ ነበሩ። ቀሪውን ዓመት ከተማ ውስጥ ሲጠግኑ ይከርሙና ሞቃቱ ወር ሲመጣ ወደ ሰሜን ዊስኮንሲን ገጠር ሄደው አዲስ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ይህ አካሄድ ብልህነት ነው። የጥገና ሥራ አሳቢ ያደርጋል፤ እያንዳንዱን ነገር ፈርቶ መንካት ያስለምዳል። አዲስ መሥራት ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ ከባድ ነው።

ሦስተኛው ሞሬል ነው። ከ1980 እስከ 1985፣ አምስት ዓመት። ይሄኛው ትምህርት ቤት አይደለም። ደንበኛ አለ፣ ቀጠሮ አለ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ዕቃ ከቤት ዋጋ ይበልጣል።

ጥገና ቤት ውስጥ ምን ይማራሉ? አንድ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቫዮሊን ተሰንጥቆ መጣ እንበል። የፊቱ ሳንቃ ይነሳል። ቅርጹ እንዳይጠመም የጉብታው ልክ በጄሶ ይወሰድና ሳንቃው እዚያ ላይ ይተኛል። ስንጥቁ ይጸዳል፣ ይጣበቃል። ከውስጥ በኩል እንደ ወረቀት የሳሳ እንጨት ይለጠፍበታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ተለማማጁ ቫዮሊኑን ከውስጥ እያየው ነው። የመሮውን ዱካ ያያል። ሠሪው የት እንደቸኮለ፣ የት እንደተጠነቀቀ ያያል። ዴል ጄሱ ለምሳሌ ችኩል ነበር፤ በኋለኞቹ ሥራዎቹ ግራና ቀኙ አይመጣጠንም። ድምፁ ግን ያስደነግጣል። ይህንን በዓይኑ ያየ ተማሪ ስለ ንጽሕና ትምህርት ቤት የተማረውን እንደገና ይመዝናል።

ሌላም የሚያየው አለ። የድሮ ቫዮሊን የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። በ1800 ገደማ ሙዚቃው ትልቅ አዳራሽ ገብቶ ድምፅ ሲፈለግ የብዙዎቹ አንገት ተቀይሯል፤ ውስጥ ያለው ደጋፊ እንጨትም በወፍራም ተተክቷል። ዛሬ «የስትራዲቫሪ ድምፅ» የምንለው ውስጥ ስማቸው የማይታወቅ ጠጋኞች ድርሻ አላቸው።

ሞሬል ግን ከሁሉ በላይ የታወቀው በማስተካከል ነው። ቫዮሊን ውስጥ፣ ከድልድዩ አንድ እግር ትንሽ ወደ ኋላ፣ እርሳስ የምታህል የስፕሩስ ዘንግ ቆማለች። አልተጣበቀችም፤ በፊትና በጀርባ መሐል ተጨንቃ ነው የቆመችው። ዓይን በማያየው መጠን ብትነቃነቅ ድምፁ ይቀየራል። እንደ ስተርንና ኢትዛክ ፐርልማን ያሉ ዝነኛ ተጫዋቾች ሞሬል ዘንድ የሚመጡት ለዚህ ነበር። ተጫዋቹ ጥቂት ይጫወታል፤ «ላይኛው አውታር አፈነብኝ» ይላል። ሞሬል በፊቱ ሳንቃ ቀዳዳ በኩል የታጠፈች ብረት አስገብቶ ዘንጓን መታ ያደርጋታል። ተጫዋቹ እንደገና ይጫወታል። ሠሪው እዚህ ላይ የሚማረው ሰው መስማት ነው። ተጫዋች «ጨለማ ሆነብኝ»፣ «አይመልስልኝም»፣ «ጉሮሮው ተዘጋ» ይላል እንጂ በሚሊ ሜትር አያወራም። ያንን ንግግር ወደ እንጨት መለወጥ የሚማሩት አጠገብ ቆመው በማየት ነው። ሌላ ዘዴ ያለ አይመስለኝም።

በ1985 ዚግመንቶዊች የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። እንግዲህ ተመልከቱት። በፕሪየር በኩል ሚተንቫልድ አለችበት። በሞሬል በኩል ሚርኩር፣ ከእሱ አልፎም ሳኮኒ። በሳኮኒ በኩል ሮም፣ ሞልዶቹ፣ ስትራዲቫሪ። ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ዞሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በሱቅና በጨረታ አልፎ ነው የደረሰው።

መምህሩ የግድ ቫዮሊን ሠሪ መሆን የለበትም። ካርሊን ሃቺንስ (1911–2009) ኒውዮርክ ውስጥ የሳይንስ መምህርት ነበረች። መጀመሪያ ካርል በርገር ከሚባል ሠሪ ተማረች፤ በኋላ ከራሱ ከሳኮኒ። ሦስተኛው መምህሯ ግን ፍሬድሪክ ሳውንደርስ ነው፣ ከሃርቫርድ የመጣ የፊዚክስ ሊቅ። እሷ ትሠራለች፣ እሱ ይለካል። ያ ሠሪ በጣቱ መታ እያደረገ የሚያዳምጠውን ነገር በመሣሪያ መለካት ጀመሩ። በ1963 ከሌሎች ጋር ሆና የቫዮሊን ድምፅን የሚያጠና ማኅበር መሠረተች። ብዙ የሙያው ሰዎች መጀመሪያ ላይ በጎሪጥ ነበር ያዩዋት። ዛሬ ሳንቃ መዝኖ የሚጽፍ ሠሪ ሁሉ የእሷ ዕዳ አለበት።

ዚግመንቶዊችም ይህን መንገድ ተከትሏል። ጆርጅ ቢሲንገር ከሚባል የፊዚክስ ሊቅ ጋር ሆኖ ሦስት የድሮ ቫዮሊኖችን በሌዘር አጥንተዋል። ሁለቱ ስትራዲቫሪ፣ አንዱ ዴል ጄሱ። ሲጫወቱ የቱ ቦታ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ በተንቀሳቃሽ ምስል ቀርጸው ውጤቱን ለሌሎች ሠሪዎች አካፈሉ። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ይቆለፍበት ነበር። ዛሬ ኦሃዮ ውስጥ ኦበርሊን በተባለ ኮሌጅ ሠሪዎች በየበጋው ተሰብስበው ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ተፎካካሪ ለተፎካካሪ ዘዴውን ያሳያል። እንደ ሞሬል ወይም ሳኮኒ ካለ ሰው ሥር ለመቀጠር ያልታደለ ወጣት በዚህ በኩል ይገባል።

ውጤት አለው ወይ? በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ላይ 21 ቫዮሊን ተጫዋቾች ዓይናቸውን ጥቁር መነጽር ጋርዶት ሦስት አዲስና ሦስት የድሮ ቫዮሊን ሞክረዋል። የድሮዎቹ ሁለት ስትራዲቫሪ፣ አንድ ጓርኔሪ ነበሩ። አብዛኞቹ ወደ ቤት ይዘው ለመሄድ የመረጡት አዲስ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በወጣ ሌላ ጥናት 10 ሶሎይስቶች (መድረክ ላይ ለብቻቸው ጎልተው የሚጫወቱ) ከ12 ቫዮሊን መርጠው፣ ስድስቱ አዲስ ወሰዱ። ሆቴል ክፍል ውስጥ ወይም በጥቂት ሰዓት የተደረገ ሙከራ የዓመታት ትውውቅን አይተካም የሚሉ ተጫዋቾች አሉ፤ ነጥብ አላቸው። ቢሆንም የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዕውቀት ለዘላለም ጠፋ የሚለውን አፈ ታሪክ ይዞ መቀጠል ከዚህ በኋላ ይከብዳል።

ዛሬ ይህን ሙያ መማር የሚፈልግ ሰው በሩ የት ነው? ክሬሞና በ1938 የመንግሥት ትምህርት ቤት ከፍታለች፤ ከዓለም ዙሪያ ተማሪ ይገባበታል። ሚተንቫልድ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ኒውዋርክ፣ አሜሪካ ውስጥ ቺካጎና ቦስተን አሉ። ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሙዚቃ መጫወት ማወቅ ይረዳል፤ ቢያንስ የሠሩትን ቃኝቶ ማዳመጥ ግድ ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊን ተምሮ እጁ ወደ እንጨት የሚስበው ልጅ ካለ ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

ከምርቃት በኋላ ያለውን ግን ማንም አይነግራችሁም፣ እኔ ልንገራችሁ። ቀጥታ የራስን ሱቅ መክፈት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። አንድ ሠሪ በዓመት የሚያወጣው ከሦስት እስከ ስድስት መሣሪያ ነው፤ ዩኔስኮ በ2012 የክሬሞናን ጥበብ በቅርስነት ሲመዘግብ የጠቀሰው ቁጥር ይህ ነው። ስም የሌለው ሰው ያንን ሸጦ መኖር ይከብደዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከመምረጥ ይልቅ ቀጥሎ የሚገቡበትን የጥገና ቤት መምረጥ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ደመወዙ ሳይሆን በዚያ በር የሚገቡት ቫዮሊኖች እነማን ናቸው? ጠረጴዛው ላይ ሲከፈቱ ጀማሪው እንዲያይ ይፈቀድለታል? ሲሳሳት የሚያስቆመው ማን ነው? ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠየቀው ይህ ነው።